ያጠረው መቋሚያ

ውድ የኔታ ወልደ ሐዋርያት፣

የምጽፍልዎ ፈርቼ ነው። የግራ እግሬ ከእኔ እየራቀ ነው። ካረፉ ወዲህ ደጋግሜ አስቤዎታለሁ፤ እንዲህ ፈርቼ ግን አስቤዎት አላውቅም።

በመጨረሻ ዘመንዎ ሰውን የሚለዩት በእግሩ ነበር። ወገብዎ ቀና ስለማይል ፊት አያዩም። ደጃፍ ላይ ስቆም ቀና ሳይሉ «ትንሣኤ፣ ጫማህን አስጠግን» ይሉኝ ነበር። እኛ ተማሪዎችዎ እንስቅ ነበር። መጉበጥዎን ትሕትና አድርገን ነበር የምናየው።

ባለፈው ጾም ዲያቆን ኪዳኑ ቤቴ መጥቶ ተጫውተን ሄደ። ሚስቴ ወለተ ሐና ከገበያ ስትመለስ ዓይኑ እንዴት እንደሆነለት ጠየቀችኝ። የምን ዓይን አልኳት። እሾህ ወግቶት በፋሻ ተሸፍኖ ሰንብቷል፤ ሰቆጣ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ አብሬው ሆኜ ያየሁት የላስቲክ ጫማውን ብቻ ነበር።

«መሬት ላይ ምን ጠፍቶብህ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ አልሳቅሁም። እርስዎ ትዝ አሉኝ።

ከዚያ የእግሬ ነገር መጣ። አንድ እሑድ ማኅሌት ቆመን ሳለን የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ሰው ሁሉ ምንጣፉን ያይ ጀመር። ከጥናው የወደቀ ፍም በእኔ ባዶ እግር ሥር ነበር። የሸተተን የእኔ ቆዳ ነው። ምንም አልተሰማኝም። ኪዳኑ ገፍትሮ ባያነሣኝ ኖሮ ዜማውን እቀጥል ነበር።

ሐኪሙ ወገቤ ላይ ነርቭ ተጭኗል አለኝ። ሽንቴን መቆጣጠር ካቃተኝ በዚያው ቀን እንድመጣ አስጠነቀቀኝ፤ እስከዚያው ግን ሰውነቴን የማሠራት ሕክምና እንድጀምር አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር ራሴን እከታተላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አቋቋም ሳስተምር የኖርኩ ሰው መቆም ልማር ሄድኩ።

የምታሠራኝ ረውዳ ትባላለች፤ የጨርቅ ነጋዴው የአደም ልጅ ናት። አባቷን ያውቁታል፣ ነጠላዎን ከእሱ ነበር የሚገዙት። በመጀመሪያው ቀን አቁማ ዓይኔን አስጨፈነችኝ።

«መሪጌታ፣ ክብደትዎ የት ነው ያለው?»

በሁለቱም እግሬ እኩል ነው አልኳት። ዓይኔን ስገልጥ እጇ ላይ ወረቀት አየሁ። እንደጨፈንኩ በግራ ተረከዜ ሥር ከወዲያ ወዲህ ስታመላልሰው ቆይታለች። ተረከዜ መሬት አልነካም ነበር። እኔ ግን ነክቷል ብዬ እምል ነበር።

ከዚያ ወደ ውስጥ ማየት አስተማረችኝ። ተረከዜን፣ ጉልበቴን፣ ወገቤን፣ ትከሻዬን። ለማቃናት እንዳልቸኩል፣ መጀመሪያ የት እንዳለ ብቻ እንዳውቅ ትነግረኛለች። ቀላል ይመስላል። የኔታ፣ ያስፈራል። መንጋጋዬን ነክሼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቀኝ ጎኔ ላይ ወድቄ እንደምኖር አላውቅም ነበር። በገዛ ቤቴ ውስጥ ሌላ ሰው ሲኖር የከረመ ያህል ነው።

በሌላ ቀን ማኅሌት ላይ እንዴት እንደምቆም እንዳሳያት ጠየቀችኝ። መቋሚያዎን ይዤ ሄድኩ። ሲያርፉ ለበረከት የተውልኝን፣ የወይራውን። እንደ ልማዴ ተደግፌው ቆምኩ። ዞራ ዞራ አየችኝና መቋሚያውን በጣቷ ነካች።

«ይኼ በማን ቁመት ተቆረጠ?»

«በመምህሬ።»

«አጭር ሰው ነበሩ?»

አዎ ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ትዝ አለኝ። ከሰሃላ መጥቼ ደጅዎ የደረስኩ ቀን፣ ሊቀበሉኝ ሲወጡ ግንባርዎን የበሩ ጉበን መትቶት ነበር። ረጅም ነበሩ። ከእኔ ይረዝሙ ነበር።

መቋሚያውን ገልብጬ ግርጌውን አየሁ። ደጋግሞ የተቆረጠበት የመጋዝ ምልክት አለበት። ታላቁ ጾም ሊገባ ሲል ከጎጆዎ ጓሮ የሚሰማኝ የመጋዝ ድምፅ ያኔ ገባኝ። የተሰነጠቀ ጫፍ የሚያስተካክሉ ይመስለኝ ነበር። ወገብዎ በጎበጠ መጠን መቋሚያውን እያሳጠሩት ነበር። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የደረሱበትን ጉብጠት እኔ በጉልምስናዬ በአንድ ቀን ተቀበልኩት። ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የመምህር መቋሚያ አጠረኝ ይባላል?

የእንጨት ጠራቢው የኔሰው በእኔ ቁመት አዲስ ቆረጠልኝ። ባለፈው በዓል እሱን ይዤ ቆምኩ። ዜማው ሲረዝም ተረከዜን እፈልጋለሁ፣ አገኘዋለሁ፣ ይጠፋኛል፣ እንደገና እፈልጋለሁ። ይህ ጸሎት ነው ወይስ ራስን ማዳመጥ? አላውቅም። ይህም ያስፈራኛል። ቀና ስል ግን ፊት ለፊት የቆሙትን ካህናት ፊት አየሁ። አርጅተዋል። መቼ እንዳረጁ አላየሁም።

ከማኅሌት ስንወጣ ኪዳኑ ተከተለኝ። አዲስ ካገኘሁ አሮጌውን ለበረከት እንድሰጠው ለመነኝ። ባለቤትዎ እማሆይ የሺመቤትም ለእሱ ይሁን ብለዋል አለኝ። ኪዳኑ ረጅም ነው፤ በር ሲገባ ዝቅ ይላል። እሺ፣ እስቲ ተደገፈው ብዬ ሰጠሁት። እንደማይሆነው ራሱ እንዲያየው ነበር።

ብብቱ ሥር አድርጎ አንገቱን ደፋ። ትከሻው ወረደ። ግራ ተረከዙ ከመሬት ተነሣ።

«ተመቸኝ» አለ።

ቀምቼው ቤቴ ገባሁ። አኩርፎኛል፤ እማሆይም ሳይቀየሙኝ አይቀሩም። የእግሬ ነገር ገና አልታወቀም። ጠዋት ጠዋት ውስጥ እግሬን በክብሪት እንጨት እነካካዋለሁ። አንዳንድ ቀን ይሰማኛል፣ አንዳንድ ቀን አይሰማኝም። የማይሰማኝ ቀን ከአልጋ ለመውረድ እፈራለሁ።

የኔታ፣ ይፍቱኝ። በረከትዎ ለኪዳኑም ለእኔም ይድረሰን። መቋሚያዎ ግን ከእኔ አያልፍም።

ልጅዎ ትንሣኤ
ሰቆጣ