ቢላዎቹ ዝም ያሉበት ዓርብ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም ኖሪስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሻል? በሰው አገር የሳራጎሳ ነፋስ እንዴት ይዞሻል? ያ የተሰበረው የእጅሽ አንጓ ዛሬም ብርድ ሲመጣ ይሰማሻል ወይስ ጨርሶ ተወሽ? የምትጦሪያቸው አሮጊትስ ጤናቸው እንዴት ነው? አሁንም ሾርባው ጨው የለውም እያሉ ይቆጡሻል? እኛ ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እማዬ ደኅና ናት፤ ደረጃ ሲሆን ብቻ ጉልበቷ ያስቸግራታል። ማንጎው ዘንድሮ እንደ ጉድ አፍርቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በልቶ በልቶ ሰልችቶት፣ የተረፈውን ለአሳማ እየሰጠን ነው። እኔም ደኅና ነኝ። እንዲያውም ዛሬ የምጽፍልሽ ደስታው በሆዴ አልያዝ ብሎኝ ነው።

ነገሩ ስለ ላክሽልኝ ጽሑፍ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ የምትቆጪም ከሆነ መጀመሪያ ጨርሺውና ተቆጪ። «ለመጽሔታችሁ የሚሆን ከሆነ ይሁን፣ ስሜን ግን እንዳታነሺ፤ እማዬ ከሰማች የሞትኩ ያህል ነው» ብለሽኝ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ሰውዬ የእውነት ሰው መሆኑን፣ ሚስቱን የፈታ መሆኑን፣ ሦስት የገና በዓል ሳትመጪ የቀረሽውም ትኬት ተወዶብሽ ሳይሆን የእማዬን ፊት ፈርተሽ መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት። ስምሽን አላነሳሁም። የሆነው ግን ሌላ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ስትመጪ መጽሔታችን «ጓዳ» ገና አልተወለደችም ነበር። እኔና ጓደኛዬ ያኒልዳ በእሷ ጸጉር ቤት ጓሮ ስንጀምራት ሰው ሁሉ ከሦስት ወር አትዘልም ብሎን ነበር። ይኸው ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ አለቃ የላት፣ ማስታወቂያ የላት፣ ይህን ጻፉ ይህን ተዉ የሚላት የለ። ሴቶች የገላቸውን ፍላጎት በራሳቸው አፍ ያወሩባታል፣ ወንዱንም ደስ እንዳላቸው ያዩባታል። ፎቶ ልነሳ ብሎ የሚመጣው ወንድ ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ዘይት ተቀብቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። የመጀመሪያውን ፎቶ ለሲጋር ፋብሪካችን ሴቶች ሳሳያቸው አፈኛዋ ቼፋ፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ የሥጋ ቤት ማስታወቂያ ነው እንዴ?» ብላ ሁሉንም በሳቅ ገደለቻቸው። የወደዱት የትኛውን መሰለሽ? እጅጌውን ሰብስቦ በረንዳ ላይ አተር የሚፈለፍለውን የአውቶቡስ ሾፌር! «ይሄማ ሲጨርስ ሳህኑንም ያጥባል» አለች ቼፋ። ያንን እትም ደግመን ማሳተም ነበረብን።

ጽሑፉ ግን ፈተናው ይከብዳል። እንደምታውቂው እኔ ዛሬም የፋብሪካው አንባቢ ነኝ። እነሱ ትምባሆውን ሲጠቀልሉ እኔ ከፍ ባለው ወንበር ላይ ሆኜ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት በኋላ ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ የ«ጓዳ» ነው፤ የመጣልንን ጽሑፍ ሁሉ ያለ ስም አነበዋለሁ። እጃቸው ሥራውን ሳያቋርጥ ከሰሙት ጽሑፉ አይታተምም። እጃቸው ከቆመ አለፈ ማለት ነው። ሲወዱት እንደ ድሮው በቅጠል መቁረጫ ቢላቸው ጠፍጣፋ ጎን ጠረጴዛውን ያንኳኳሉ፤ ሲያስጠላቸው ቢላውን መሬት ላይ ይጥሉታል፣ ያኔ አንገቴን ደፍቼ ከወንበሬ መውረድ ነው። አለቃችን ዶን ኢላሪዮ «አንቺ ልጅ፣ የዓርብ ሲጋር ሁሉ ተወላግዶ የሚወጣው በአንቺ ጦስ ነው» ይለኛል፤ ዓርብ ዓርብ ግን እሱም ከበሩ ጀርባ አይጠፋም።

እማዬ የምትሠራው የቅጠሉ ጅማት በሚነቀልበት በኋላው ክፍል ነው፤ ድምፄ እዚያ አይደርስም። ባይደርስም ደስታዋ ነው። የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን የምትመራ ሴት አይደለች! «ጓዳ»ን አንድም ቀን በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ያን ነገርሽን ከጠረጴዛው ላይ አንሺልኝ፣ ሩዝ ላቀርብ ነው» ነው የምትለኝ።

ባለፈው ዓርብ ያንቺን ጽሑፍ ማንበብ ጀምሬያለሁ። እጅሽ በጄሶ ታስሮ፣ ጸጉርሽ በቢጎዲን እንደ ተጠቀለለ መፍታት አቅቶሽ ስትቸገሪ፣ የአራተኛ ፎቁ ጎረቤትሽ «ልርዳሽ?» ብሎ በሩን ሲያንኳኳ ደርሻለሁ። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራ ብሎ ኖሮ የኋላው ክፍል ጣራ አፈሰሰ። ዶን ኢላሪዮ ቅጠል ነቃዮቹን ከነጆንያቸው እየነዳ አዳራሹ ውስጥ አስገባቸው። እማዬ ቦታ ስትፈልግ ቆይታ የት ብትቀመጥ ጥሩ ነው? ከቼፋ አጠገብ፣ ፊት ለፊቴ!

እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ወረቀቱን ልደብቀው ቃጣኝ። የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ከገጹ ግርጌ ሰውየው የመጨረሻውን ቢጎዲን ፈትቶ ከጆሮሽ ጀርባ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ ያገኘዋል። ያንን ጠባሳ እማዬ ሰምታ ማን መሆንሽን ልታጣው ነው? ለመጀመሪያ ቁርባንሽ ጸጉርሽን በጋለ ማበጠሪያ ስትተኩስ ያቃጠለችሽ እሷው ናት። ልዝለለው ይሆን? ጉሮሮዬን አመመኝ ልበል? ይህን ሳወጣ ሳወርድ ቼፋ «ምነው ዝም አልሽ? ሰውዬውን በር ላይ ገትረሽው ልትቀሪ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም ለራሴ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሴቱን ሁሉ አትፍሩ ስል ኖሬ ዛሬ እናቴን ልፈራ ነው እንዴ አልኩና ቀጠልኩ።

አነበብኩት። ቢጎዲኖቹን አንድ ባንድ ሲያወልቅ፣ የውኃውን ሙቀት በክንዱ ለክቶ በአንገትሽ ላይ ሲያፈሰው፣ ከዚያም «ሳሙናው ታጥቦ ካለቀ ቆይቷል፣ ልብሴም ወንበሩ ላይ ነው፣ እሱ ግን አሁንም አልቸኮለም» ያልሽበት ቦታ ስደርስ ያ ሁሉ እጅ ቆመ። ቢላዎቹ ዝም አሉ። ከዝናቡ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ጠባሳው ላይ ደረስኩ። «ማን አቃጠለሽ?» ሲልሽ «ቆንጆ እንድሆን የፈለገች ሰው» አልሽው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ እዚያው ላይ ሳመሽ። ቀና ብዬ እማዬን አየኋት። የያዘችው ቅጠል ግማሹ ተነቅሎ ግማሹ እጇ ላይ ቀርቷል። ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

ስጨርስ ማንም አላንኳኳም። አሁን ቢላው መሬት ሊወርድ ነው ብዬ ወንበሬን ጨበጥኩ። እማዬ የምትነቅለው በጣቷ ስለሆነ ቢላ የላትም። እጇን ሰደድ አድርጋ የቼፋን ቢላ ከፊቷ አነሳችና ጠረጴዛውን መታችው። ደገመችው። ቼፋ «ውይ ዶና ኤርሲሊያ፣ እርስዎም!» ከማለቷ አዳራሹ በሙሉ ተቀበላት፤ ዝናቡ እንኳ መሰማት አቆመ። እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ አለቀስኩ፣ አላፍርበትምም።

ከእማዬ ጋር ቤት ገባን። ጫማዋን አወለቀች፣ ጥሬ ሙዙን ልጣ ጣደች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ያቺ ሴትዮ ጠባሳው አሁንም ያማታል?» አለችኝ። «አላውቅም እማዬ፣ ልጠይቃት?» አልኳት። «ጠይቂያት። የዚያን ቀን ማበጠሪያው አልነበረም ጥፋተኛው። እኔ ነኝ የቸኮልኩት» አለችና የድስቱን ክዳን ከፍታ ዘጋችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሰውዬው ግን አልቸኮለም። እሱ ጥሩ ነው» አለች።

እንግዲህ ጽሑፍሽ አልፏል፣ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። ያለ ስም ይሁን ካልሽ ያለ ስም ይወጣል፤ የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ግን በሙሉ ስምሽ ይሁን። ስትፈሪው የኖርሽው ነገር ይኸው ሆነ፣ ማንም አልሞተም።

ያኒልዳ ጉንጭሽን ስማለች፤ ለጽሑፉ የሚሆን ፎቶ ልታነሳ ቢጎዲን የሚፈታ ወንድ እየፈለገች ነው። ቼፋ ማን እንደጻፈው ባታውቅም «ለዚያች ሴትዮ ሰላም በዪልኝ፣ ደግሞ ያ ሰውዬ ወንድም እንዳለው ጠይቂልኝ» ብላለች። ዶን ኢላሪዮም ሰላም ብሏል፤ ያን ዕለት የተጠቀለለው ሲጋር ግን ለሽያጭ አልበቃም። እማዬ ሁለት ዓይንሽን ስማ፣ ብርድ እንዳይመታሽ አንገትሽን ሸፍኚ ትልሻለች። ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ቆማ እያነበበች ነበርና፣ «ሰላምታው ላይ አንድ ሰው ረስተሻል» አለችኝ። «ማንን?» አልኳት። «ቢጎዲን የሚያወልቀውን ነዋ። ስሙን አላውቀውም። ለገና ይዛው ስትመጣ ራሱ ይነግረኛል በያት።»

እህትሽ ሚሌዲስ

ታምቦሪል፣ ጁን 4 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.