የአሪየት ዶሮዎችና የቆርቆሮ ማጠጫው

የካቲት 21፣ ጠዋት 1 ሰ.
ዶሮዎቹን ፈታሁ። በቆሎ በተንኩ። ደብተሬ፣ ጽሕፈቴን እያየሽ ነው? ከማታ ት/ቤት እንደኔ ቶሎ ፊደል የጨረሰ የለም። መምህሩም ያውቃል፣ አፉን ሞልቶ ባይናገርም። ሚስቴ አሪየት አራስ እህቷን ልትጠይቅ አቦቦ ሄዳለች። ዶሮዎቼን አደራ ብላኛለች፣ በተለይ ባለ ጫጩቷን ገብስማ። የሟች እናቷ ዶሮ ዘር ናት፤ ሌላ ማስታወሻ የላትም።

ከሰዓት። ሐጂ ሱቅ። የዶሮ ውሃ ማጠጫ መጥቷል፣ ፕላስቲክና ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ያብለጨልጫል! ሐጂ፣ "የደጋ ዕቃ ነው፣ እዚህ ቆላ ጥላ ስር አድርገው" አሉኝ። ጥላ ስር ማን ያየዋል? ክልል ሆነናል፤ እኔም የክልል ቢሮ ዘበኛ ነኝ፣ በጣት ሳይሆን በብዕር የምፈርም። ገዛሁ።

የካቲት 22
ማጠጫውን ከመንገዱ ትይዩ አቆምኩት። የሰፈራችን የኒውላንድ ሰው ቆሞ ያያል። ዶሮዎቹ ዞር ብለውም አያዩት። የለመዱት ማንጎው ስር ነው። እዚያ ያለው የመጠጥ ውሃችን እንስራ ሲያልበው የሚንጠባጠበውን አሪየት በገል ታጠራቅምላቸዋለች። ኋላ ቀርነት! ገሉን ወረወርኩ። እንስራውን ዙሪያውን በእሾህ አጠርኩ። ሲጠማቸው ይማራሉ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ተምሬ የለ?

የካቲት 23፣ 8 ሰ.
ሙቀቱ አይጣል ነው። ጎረቤቴ ኦሞድ ጣቱን ማጠጫው ውስጥ ነክሮ ቶሎ አወጣ። "አንተ ተማሪ፣ ሻይ አፍልተህላቸው ስኳሩን ረሳህ?" ስኳሩ ከአዲስ አበባ በመንገድ ላይ ነው አልኩት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ጥለው ቆመዋል። አየኋቸው። ሥራ ገባሁ።

12 ሰ.
ገብስማዋ ሞታለች። አንገቷ እሾሁ መሃል፣ ወደ እንስራው። ጫጩቶቿ ክንፏ ስር ይጮሃሉ። ሁለቱ ነጭ ዶሮዎችም ሞተዋል። ማጠጫው ሙሉ ነው። ሙሉ! እሾሁን በእጄ ነቀልኩ፤ አሁን ምን ሊረባ።

የካቲት 25
አሪየት በጭነት መኪና ገባች። በር ላይ ጠብቄ ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ስድብ ትችልበታለች። ምነው በሰደበችኝ። ገብስማዋን የት ቀበርካት ብቻ አለች። አሳየኋት።

የካቲት 26
የተረፉትን እግራቸውን አስራ በቅርጫት ለእህቷ ልትልክ ነው። ቀልድ አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። ከገብስማዋ ጫጩቶች አንዷን ተይልኝ አልኳት።

"ለምን? ለሰው ልታሳያት?"

ቅርጫቱን አንስታ ወጣች። ሸኝቻት ስገባ አንዲት ጫጩት ማንጎው ስር ትጭራለች።

ኦሞድን ለመንኩት፣ ቀትር ቀትር የቢሮውን በር ሊጠብቅልኝ፤ ከቢሮ ቤቴ ደርሼ እመለሳለሁ። የጫጩቷን ውሃ መጀመሪያ እኔ እጠጣለሁ። በአፌ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ከዚያ እሷ።