«ከአቅም በላይ» ብለው ጽፈው ራሳቸው የሻሩት የአሥር አለቃ ባየህ ሰውመሆን የሕይወት ታሪክ

አሥር አለቃ ባየህ ሰውመሆን ከአባታቸው ከአቶ ሰውመሆን ዘመነ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ካሴ በጣራ ገዳም ግርጌ ጥቅምት 12 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ዳዊት ደግመው፣ ቀጥሎም እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘልቀዋል። ስድስተኛን ሁለት ጊዜ መማራቸውን ደብቀው አያውቁም፤ «እኔ አጥብቄ ነው የተማርኩት» ይሉ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ወታደር ሆነው ስምንት ዓመት ካገለገሉ በኋላ እግራቸውን ቆስለው በክብር ተሰናበቱ። በ1978 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸጌ መባን አግብተው ፎገራ ሜዳ ላይ ጎጆ ወጡ። ሩዝ ወደ ሜዳው ሲገባ «ይህ የወፍ ቀለብ ነው» ብለው ሁለት ዓመት አልዘሩም። በሦስተኛው ዓመት ወይዘሮ ሸጌ ሳያስፈቅዷቸው ዘሩ።

በ2005 ዓ.ም. የቀበሌያቸው የሰላምና ጸጥታ ኃላፊ ሆነው ተመረጡ። በሥራቸው አንድ አቋም ነበራቸው፦ ወታደር ድንበር ይጠብቃል፣ ሌባ የፖሊስ ነው፣ የውኃና የወሰን ጠብ የሽማግሌ ነው። በየስብሰባው ስለሚናገሩት ሕዝቡ ሳይወድ በቃሉ ያዘው። ይህን አቋም በዕድሜያቸው ያፈረሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ኅዳር 2008 ዓ.ም. ሩዙ ሊታጨድ ሳምንት ሲቀረው የላይኛውና የታችኛው ጎጥ በውኃ መውረጃ ቦይ ተጣሉ። ጠመንጃ ይዘው የወጡም ነበሩ። አሥር አለቃ ሊገላግሉ መሐል ቢገቡ አንዱ «አንተ ጡረተኛ፣ ሂድና ወፍህን ጠብቅ!» አላቸው። በዚህ ተናደዱ። ቢሯቸው ገብተው «ጉዳዩ ከአቅም በላይ ስለሆነ ሠራዊት ይላክልን» ብለው ጽፈው ማኅተም መቱበት። የማዳበሪያ ደብዳቤ ሦስት ወር በሚፈጅበት አገር ይህኛው ሳያድር ደረሰ።

ያን ዕለት ማምሻውን ቄስ ኪዳነ ማርያም ሁለቱን ጎጦች አስቀምጠው፣ ውኃውን በተራ እንዲያወርዱ አስማምተው አስታረቁ። ለደብዳቤው ግን የነገረው የለም። በማግሥቱ ጠዋት አንድ መኪና ሙሉ ወታደር ወረታ መገንጠያው ላይ ቆመ። ከሜዳው ደግሞ ጧ! ጧ! የሚል ድምፅ ይመጣል።

መኪናው ሜዳው ውስጥ ከገባ የዓመቱ ሩዝ ይረገጣል፤ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ወደ ጠመንጃው ይሮጣል፤ ዕርቁም አንድ ሌሊት አድሮ ይቀራል። አሥር አለቃ ጅራፋቸውን ይዘው በባጃጅ ደረሱ። ለወታደሮቹ አዛዥ መቶ አለቃ በልማድ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥተው፣ «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተናድጄ ነው። ይመለሱልኝ» አሉ።

«አባቴ፣ ተኩስ እየሰማሁ ልመለስ?» አሉ መቶ አለቃው።

«ጅራፍ ነው ጌታው። ወፍ እየተባረረ ነው።»

«ጅራፍ እንዲህ አይጮኽም።»

አሥር አለቃ የያዙትን ጅራፍ አስፋልቱ ላይ አንድ ጊዜ ቢያጮኹት፣ ግማሹ ወታደር መሬት ላይ ተኛ። ባጃጁም ሒሳቡን ሳይቀበል ሄደ። መቶ አለቃው ሥቀው ሲያበቁ፣ መሣሪያቸውን ለጓዶቻቸው ትተው ከአሥር አለቃ ጋር በእግራቸው ሜዳው ገቡ። ድምፁን ተከትለው ሲደርሱ ማማ ላይ የቆሙት ወይዘሮ ሸጌ ነበሩ።

ወይዘሮ ሸጌም ነገሩን ሰምተው፣ «አንቱ፣ እኔን ለማስያዝ መኪና ሙሉ ወታደር ጠሩ? አንድ ፖሊስ አይበቃም ነበር?» አሏቸው።

አሥር አለቃ እዚያው ማማው ሥር ተቀምጠው መቶ አለቃው ይዘውት በመጡት ደብዳቤ ግርጌ «በአቅማችን ልክ ሆኗል» ብለው ፈረሙ፤ መኪናውም በመጣበት ተመለሰ። በሳምንቱ ሕዝብ ሰብስበው ይቅርታ ጠየቁ፣ ሥልጣናቸውንም አስረከቡ። ሕዝቡ ግን በጭብጨባ መልሶ መረጣቸው። ከሁሉ አጥብቆ ያጨበጨበው «ጡረተኛ» ያላቸው ሰው ነበር።

አሥር አለቃ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አርፈዋል። «ለቀብሬ ጥይት እንዳይተኮስ፤ ተኳሽ ከመጣ እድሩ ይምከረው፣ ፖሊስ እንዳትጠሩ» ብለው ተናዘዋል። እነሆ ዛሬ በቁሐር ሚካኤል ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲሸኛቸው አንድም ጥይት አልተሰማም። ሁለቱም ጎጦች አስከሬናቸውን እየተቀባበሉ ተሸክመዋል።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸጌን፣ አራት ልጆችንና ዘጠኝ የልጅ ልጆችን ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጠብ በሌለበት፣ ጠባቂም በማያስፈልግበት ስፍራ ያኑርልን። አሜን።