የበሩ ሁለተኛ ክንፍ

አለምነው፣ የኔ ጌታ፣ ባለህበት ሁሉ ሰላም ላንተ ይሁን። ከተለየኸን እነሆ ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህን ባለፈው ሳምንት ደቅ ላይ፣ በተወለድህባትና በተቀበርህባት ደሴት፣ አወጣንልህ። ወደ ባሕር ዳር ከተመለስሁ ወዲህ እጄ ሥራ አልይዝ ብሎኛል። የምነግርህ ነገር አለኝና ልቤ ካንተ ጋር ካላወራሁ ይላል። እያለቀስሁ የምጽፍልህ እንዳይመስልህ፤ የለቅሶውን ጊዜ ለቅሶ ወስዶታል። ዛሬ ኮርቼ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ከአጥሩ ሥር የተከልኸው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ፤ ፍሬው ትንሽ ነው፣ ጣፋጭነቱ ግን ሌላ ነው። ልጃችን የሺ ትከሻዬን ደርሳለች፤ ስትስቅ አንተን ቁርጥ ነች። ሬዲዮናችን ከነጭራሹ ዝም አለ። አንተ ጀርባውን መታ መታ ስታደርገው ይናገርልህ ነበር፣ የኔን እጅ ግን ንቆታል። ከቤቱ ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ዳስህ አልተዘጋችም። ብረት ነክሶ የሚይዝልህ ሞርሳህም እዚያው ግንዱ ላይ እንደታሰረ ነው። ዘይት እቀባዋለሁ፣ አቧራውን እጠርግለታለሁ። ከፋብሪካ ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ብታየን ትቀና ነበር።

ስለቱን መቼም አልረሳኸውም። የሺ ሕፃን ሳለች ወባ ጥሏት ዓይኗን መግለጥ ሲያቅታት፣ ከደጃችን ቆመህ ወደ ሐይቁ ዞርህና፣ ልጄን ብታተርፍልኝ የቅጥርህን በር በገዛ እጄ ሠርቼ አስገባለሁ ብለህ ለደቁ ታቦት ተሳልህ። ልጅቱ ዳነች። አንተ ግን የፋብሪካው ሥራ፣ የቀበሌው ስብሰባ፣ ከዚያም ብረት ከገበያ መጥፋቱ እያለ ዓመቱ ባመት ላይ ሄደብህ። ብረቱ በመጨረሻ ሲገኝ እንደ ልጅ ፈነጠዝህ። አንደኛውን የበር ክንፍ ጨረስህ፤ ሁለተኛውን ሳትጀምር ያ ክፉ የሆድ ሕመም ቀደመህ። አልጋ ላይ ሆነህ እንኳ የሚያስጨንቅህ እሱ ነበር። ስለት ሳያስገቡ መሄድ እንዴት እንደከበደህ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያን ፊትህን ይዤ መኖር አልቻልሁም።

ከአርባህ በኋላ ታላቅ ወንድምህ ቄሰ ገበዝ ከደቅ ተሻግረው መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ኃላፊነት በሳቸው እጅ ስለሆነ በሩ አሳስቧቸዋል። ለሙት ዓመቱ እንዲደርስ አንድ ሠራተኛ ፈልጌ ላስጨርሰው እንደሚገባ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ወንድምዎ የተሳለው በገዛ እጄ ብሎ ነው አልኋቸው። እኔና እሱ በቁርባን አንድ ተብለናል፤ እንግዲህ ከእጁ የቀረው ይሄ የኔ እጅ ነው ብዬ ዘረጋሁላቸው። ቄሰ ገበዝ የዘረጋሁትን እጅ አዩት። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝና እስኪ ሞክሪው አሉኝ።

ፊታቸው ግን አልፈታ አለ። ምክንያቱን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። በናንተ አገር ብረት ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው ስም ለጆሮ ይከብዳል። ነፍሳቸውን ይማርና አባትህ ሞርሳ መግዛትህን ሲሰሙ፣ ልጄ ቀጥቃጭ ሆነ ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደነበር ራስህ እየሳቅህ ነግረኸኛል። ሳቅህ ግን እስከ ዓይንህ አይደርስም ነበር። ወንድምህም ደቅ ላይ ወንድሜ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው ይላሉ እንጂ ስለ ዳሳችን አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። አሁን ደግሞ ብሶ የወንድማቸው ሚስት!

እንግዲህ ጀመርሁ። ስንት ዘመን የብረቱን ጫፍ ይዤልህ ቆሜያለሁና ሥራውን የማውቀው መስሎኝ ነበር። በእሳት አታግለውም፤ በመዶሻም አትመታውም፤ መዶሻ ያቆስለዋል ትል ነበር። ብረቱ የሚጠቀለልበትን ከዋንዛ የተቆረጠ ቅርጽ፣ ፎርማ የምትለውን፣ ከሞርሳው ጋር ታስረዋለህ። የጠፍጣፋውን ብረት ጫፍ እዚያ ላይ ታስነክስና በክንድህ ሳይሆን በወገብህ እየሳብህ ቀስ አድርገህ ትጠቀልለዋለህ፣ ጥምዙ እንደ ዱባ ሐረግ ጫፍ እስኪሆን። እኔም ፋብሪካ የምውለው ክር ስጠቀልል ነው፤ ብረትም ቢሆን መጠቅለል መጠቅለል ነው ብዬ ተመካሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንተ ከጨረስኸው ክንፍ አንዱን ጥምዝ በፎርማህ ላይ ባስተያየው አልገጠመም። ፎርማው ከጥምዙ ያንሳል። ይሄ ሰውዬ የሌላ ሥራ ፎርማ ጥሎልኝ ሄደ ብዬ ሳቅሁብህ። ያንተን ጥምዝ በጠመኔ ጣውላ ላይ ቀዳሁና በልኩ አዲስ ፎርማ ቆረጥሁ። ብረቱን ጠቀለልሁበት፤ እጥብቅ ብሎ ተቀመጠ። ስለቀው ግን ፈታ አለ። ሌላውን ጠቀለልሁ፣ እሱም ፈታ አለ። ሁሉንም እንዲያ ጨርሼ ካንተ ጥምዞች አጠገብ ሳቆማቸው፣ ያንተ ዛሬ የተሠራ ሹሩባ፣ የኔ የሰነበተ ሹሩባ መሰለ።

ጉልበት አንሶኝ ነው አልሁ። የሴት ክንድ አይችለውም የሚሉት እውነት ይሆን ብዬ ግንዱ ላይ ተቀመጥሁና ሆድ ባሰኝ። ሙት ዓመቱ እየቀረበ ነው፤ ለቄሰ ገበዝ ሠራተኛ ይፈልጉ ብዬ ልልክባቸው ምንም አልቀረኝም። የስለትህ ነገር እዚያች ቦታ ላይ ሊቀር ነበር።

እንዲህ ተቀምጬ ሳለሁ አንተ ብረት ስታጥፍ ታየኝ። የጠመኔውን ምልክት ሁልጊዜ ታልፈው ነበር። አለፈህ፣ አለፈህ ብዬ ስጮህ ትስቅና እጅህን ታነሣለህ፤ ብረቱ ራሱ ትንሽ መለስ ይልና ምልክቱ ላይ ይቆማል። እኔም ስህተትህን እግዜር ያርምልሃል እያልሁ እቀልድብህ ነበር። ለካስ ስህተት አይደለም! ብረት ሲለቁት መለስ እንደሚል አውቀህ ነው ፎርማውን ያሳነስኸው። ያ ያሾፍሁበት ፎርማ የዚሁ የበሩ ኖሯል። ብድግ ብዬ አምጥቼ አሰርሁት፤ የተፈቱትን ጥምዞች አንድ በአንድ በሱ ላይ እንደገና አጠበቅኋቸው። የመጀመሪያውን ስለቀው መለስ አለና ካንተ ጥምዝ ጋር ክንድ ለክንድ ቆመ። እልል አልሁ፣ አለምነው፤ ብቻዬን፣ ዳሱ ውስጥ፣ እልል አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ። ጥምዞቹን እርስ በርስ የሚያያይዟቸውን ቀጫጭን ብረቶች እንዳንተ አድርጌ እንደ መቀነት ዙሪያቸውን አጠፍሁባቸው። በዚያ ሰሞን አንዱ ሴትዮዋ ጦር እየሠራች ነው ብሎ ነግሮብኝ የቀበሌው ሊቀ መንበር ፊታቸውን አኮሳትረው መጡ። ዳሱን አዩ፣ ብረቱን ነካኩ፣ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለቤታቸው መስኮት እንዲህ ያለ ይሠራልን ይሆን ወይ አሉኝ። ወሬው ፋብሪካ ደረሰና ስሜ ጓድ ሞርሳ ሆኖ ቀረ። እኔም አቤት እላለሁ።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሁለቱን ክንፎች አንድ ዓይነት ቀለም ቀብቼ ጀልባ ላይ ጫንኋቸው። መቀመጫ ያጣው መንገደኛ ሁሉ ያንተ ክንፍ ላይ ተቀምጦ ተሻገረ። በኔኛው ላይ ማንንም አላስቀመጥሁም፤ ቀለሙ አልጠነከረም ብዬ አመካኘሁ። የሺ አይታኝ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ደቅ ስንደርስ ያንተ የአገር ልጆች ተሸክመው አወጡልን፤ በሩም በዋዜማው ቆመ።

በማግስቱ ከቅዳሴው በኋላ ሰዉ ሁሉ በሩ ሥር ተሰበሰበ። ቄሰ ገበዝ ጥምጥማቸውን አስተካክለው መሐል ቆሙ። ከከተማ የመጣ በር ነው ብለው የሚያልፉት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ይህን በር ወንድሜ አለምነው በገዛ እጁ ጀመረው፣ ሚስቱ በገዛ እጇ ፈጸመችው፣ ብረት የነካ እጃቸው ይባረክ አሉ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ አለምነው! አባትህ በተቀበሩበት ቅጥር! አሜን የሚለው ድምፅ እስከ ሐይቁ የተሰማ መሰለኝ።

አንዲት አሮጊት ታዲያ የእሱ የትኛው ነው ብለው ጠየቁ። ቄሰ ገበዝ ቀረብ ብለው አንዱን ክንፍ፣ ጥምዙን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ዳሰሱት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይህማ የሱ ነው፤ የወንድሜን እጅ የት አጣዋለሁ» አሉ።

እጃቸው ያረፈው በኔ ክንፍ ላይ ነበር። አላረምኋቸውም። ከዚህ በላይ ምን ተብዬ ልመሰገን?

ያንተ በስተቀኝ ያለው ነው። ይህን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን፤ ለየሺም ገና አልነገርኋትም። በሕይወት እስካለሁ ድረስ መቃብርህን ልሳለም ስመጣ ሁልጊዜ ያንተን ክንፍ ገፍቼ እገባለሁ፣ ስወጣም የኔን ስቤ ካንተው ጋር እገጥመዋለሁ። በደህና እረፍ፣ የኔ ጌታ፤ ስለትህ ገብቷል።

ባለቤትህ