ያነጠፉትን መንገድ መልሰው ያነሡት የሙሴ አንሰልም ቦርዴ የሕይወት ታሪክ

የልጅ ልጄን ቴኦፋንን አሁን ማን መልሶ ቤት ያስቀምጥልኛል? ስለ ሟች አባቱ ጻፊ ብለው ጎረቤቶች ብዕር ሰጡኝ፤ ከዚህ ጥያቄ በቀር የሚመጣልኝ የለም፤ መልሱንም አላውቀውም። ቢሆንም በወጉ ልጀምር።

ሙሴ አንሰልም ቦርዴ ከአባታቸው ከሙሴ ሌዮናር ቦርዴና ከእናታቸው ከማዳም ዢልበርት በክረዝ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1788 ዓ.ም. ተወለዱ። በብርዱ ወራት ከሰበካው ቄስ ዘንድ ፊደል ቆጠሩ። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው እንደ አገራቸው ወጣቶች ሁሉ ሥራ ፍለጋ በእግራቸው ፓሪስ ገቡ።

ሙያቸው በመንገድ ላይ ድንጋይ ማንጠፍ ነበር። መዶሻቸው ለማንጠፊያ፣ ድጅኗቸው ለመንቀያ፤ ሁለቱም ከቤታችን በር ጀርባ ጎን ለጎን ይሰቀሉ ነበር። የሰፈራችንን የቅዱስ አንቷን ጎዳና ተንበርክከው ያነጠፉት እሳቸው ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንኳ የተነቃነቀ ድንጋይ ካዩ በተረከዛቸው መታ መታ ሳያደርጉ አያልፉም።

በ1807 ዓ.ም. ልጄን ሮዛሊን አግብተው ቴኦፋንን ወለዱ። ሌሎቹን በሕፃንነታቸው እግዚአብሔር ወሰዳቸው።

በ1830 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ንጉሡ ጋዜጦቹን ዘጋ፤ ሕዝቡም ተነሣ። ሐምሌ 28 ቀን ረቡዕ የሰፈሩ ሰዎች የወታደሩን መንገድ ለመዝጋት ድንጋዩን ከመሐል ይጎረጉሩ ጀመር። ሙሴ አንሰልም በመስኮት አይተው አላስቻላቸውም። ሾርባዎ ይቀዘቅዛል ብላቸው ድጅኗቸውን ይዘው ወረዱ።

«ጣታችሁን ልትጨርሱ ነው እንዴ! ከዳር ነው የሚጀመረው!»

ቁልፍ ሠሪው ጎረቤታችን ኦኖሬ ሳቀባቸው። «ምነው ሙሴ አንሰልም፣ የገዛ እጅዎን ሥራ?»

«ያነጠፍኩት እኔ፣ የማነሣው እኔ፤ አንተን ምን አገባህ? በየረድፉ ቆልሉት ብቻ፤ ነገ መልሼ የማነጥፈው እኔው ነኝ።»

ድንጋዩን በየረድፉ ሲያስቆልሉ የወታደር ጥይት ዳሌያቸውን መታቸው። ቴኦፋን በጀርባው አዝሎ አስገባቸው።

አሮጌው ንጉሥ ሄደ፤ በነሐሴ የኦርሌያኑ መስፍን ሉዊ ፊሊፕ ነገሠ። ባለሦስት ቀለሙ ባንዲራ በመስኮታችን ፊት ተሰቀለ። ሙሴ አንሰልም ግን የሚጠይቁት ስለ ድንጋዩ ነበር። ሌሎች ሰዎች መልሰው አነጠፉት። ጋሪ ባለፈ ቁጥር ተኝተው ያዳምጡና፣ «አበላሽተውታል፤ ይንገጫገጫል» ይላሉ።

ቁስሉ አመረቀዘ። በመጨረሻ ቴኦፋንን አስጠርተው፣ «መዶሻዬን ውሰድ። መንገዱን አስተካክልልኝ» አሉት።

«ሥራ የለም እኮ፣ አባባ። ንጉሥ ለወጥን፤ ዳቦው ያው ነው። የአሮጌው ንጉሥ ሚኒስትሮች እንኳ አልተፈረደባቸውም።»

«አንዱን መንገድ ስንት ጊዜ ነው የምናነሣው፣ ልጄ?»

 እኔም የቴኦፋንን እጅ ይዤ፣ መዶሻውን እሺ በላቸው እንጂ አልኩት። እጁን ከእጄ አወጣ።

ሙሴ አንሰልም ጥቅምት 17 ቀን 1830 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በተወለዱ በአርባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንድ ልጃቸውንና እኔን አማታቸውን ትተዋል። አላለቀስኩም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሳህናቸውን አጥቤ ቦታው መለስኩት።

ተንበርክከው የኖሩትን ሰው እግዚአብሔር በመንግሥቱ ቀና አድርጎ ያቁማቸው፤ ጉልበታቸውንም ያሳርፍላቸው።

ዛሬ ሰኞ ሬሳቸው ሳይነሣ በጎዳናው ላይ ጩኸት ተሰማ። በሚኒስትሮቹ ላይ ሞት እንዲፈረድ የሚጠይቅ ሕዝብ እነሱ ወደታሰሩበት ወደ ቫንሴን ምሽግ እየሄደ ነው። ሮዛሊ የአባቱን ጥቁር ኮት ለልጇ ትቦርሽ ነበር። ቴኦፋን ከሣጥኑ አጠገብ ተነሣ፤ የአባቱን ግንባር ሳመ፤ ወደ በሩ ሄደ። ስሙን ጠራሁት።

ወጣ። ከበሩ ጀርባ መዶሻው እንደተሰቀለ ነው። ድጅኖው የለም።