የፈንታሁን ውሃ

ኅዳር 4፣ ማለዳ
የሽንት ጠርሙሱን አጠብሁ። የረባ ነገር የለውም። ትናንት በቱቦ የወጣው ጥቂት፣ እንደ ጠላ ድፍድፍ የጠቆረ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ የለም። የልጄ የፈንታሁን ግራ እግር እንደ ግንድ አብጧል። የጤ/ጣቢያው ነርስ ሆዱን ዳሰሰና ወደ ሌላው በሽተኛ አለፈ።

ከሰዓት
ደብተሬ፣ ያልነገርሁሽ ይኸ ነው። ኮኪት እርሻው ላይ ማሽላ የጫነ ተሳቢ ተገልብጦ ፈንታሁንን እግሩን ተጫነው። ከጠዋት እስከ ቀትር። ሲያወጡት ውሃ ውሃ አለ። ወንዶቹ ከለከሉ። ቁስለኛ ውሃ ከጠጣ ይሞታል፤ እኔም የማውቀው እሱን ነው። መተማ ጤ/ጣቢያው እስክንደርስ ከንፈሩን በነጠላዬ ጫፍ ብቻ አራስሁ።
ነርሱ ውሃ ጠጥቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። የተጨፈለቀ ሥጋ መርዙን ወደ ኩላሊት ይሰዳል፣ ያኔ ብዙ ውሃ ያሻው ነበር አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 5
ጀሪካን ሙሉ ውሃ ይዤ ገባሁ። ነርሱ ተቀበለኝና አስወጣው። አሁን ደግሞ ክልክል! ኩላሊቱ ስለቆመ ውሃው መውጫ የለውም፣ ሳንባው ይሞላል። በቀን አንድ ኩባያ። ጠላሁት። ቆይቼ አዘንሁለት፤ ለዚህ ሁሉ በሽተኛ ብቻውን ነው።
ከፈንታሁን ጎን የተኛው የጎጃም ወዛደር፣ ወባ የያዘው፣ “እማማ፣ የኔ ሽንት ተርፏል፤ ጠርሙሱን ያምጡና ነርሱን እንሸውደው” አለ። ፈንታሁን ሳቀ። ሳቀ!

ኅዳር 6
ፊቱ አብጧል። ስቅታ አይለቀውም። ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይላል። ሐኪም ያለው ጎንደር ነው፤ መንገዱ ያለ ወታደር እጀባ አይኬድም። እጀባ ልለምን ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀ መንበሩ ጠብቂ አለኝ። ታላቁን ልጄን ለውትድርና ሲወስዱትም ጠብቂ ያለኝ እሱ ነው። ስጠብቅ መርዶው መጣ።

ኅዳር 7፣ ጠዋት
እጀባ የለም። መቼ እንደሚኖርም የሚያውቅ የለም።
ፈንታሁን ከሞተ ወንድሙ ጋር ያወራል። መለስ ሲል ያውቀኛል። የሚለው አንድ ነው፤ እምዬ፣ ውሃ።
ነርሱን ደጅ ጠራሁት። አንድ ኩባያው ያድነዋል ወይ አልሁት። መሬት መሬት አየ። “አያድነውም፣ እትዬ።” ጠግቦ ቢጠጣስ? ያፈጥነዋል።
እንግዲያው ይጠጣ አልሁ። ይከለክለኛል ብዬ ነበር። ጣሳ አንሥቶ ራሱ ሊቀዳ ወረደ።
እሱን እየጠበቅሁ ነው የምጽፈው። ቀና አድርጌ ራሴ አጠጣዋለሁ። በቃኝ ብሎ እስኪመልስ። ኃጢአቱ የኔ ይሁን። ኮቴው ተሰማ