ወደ ግራ ስዞር የምትበራው መብራት

ለምሕረት አባት፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር በስምህ ጠርቼህ አላውቅም፤ አሁንም አልጀምርም። ደብዳቤም ጽፌልህ አላውቅም። ሩቅ ሄድክ ከተባለ ቱርሚ ወይም ካንጋተን ነው፣ በሦስተኛው ቀን ትመለሳለህ። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ መኪናዋ ነው። ሌላውን ሁሉ በጸሎት ሰዓት ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፤ የፍሬኗን መብራት ነገር ግን ካንተ ጋር ነው የጀመርኩት፣ ካንተ ጋር መጨረስ አለብኝ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ምሕረት ተመርቃ እዚሁ ጂንካ ሥራ ይዛለች። ቁጣዋ ያባቷ፣ ድርቅናዋ የእናቷ ነው ይላሉ፤ እኔ ሁለቱንም ካንተ ነው የወሰደችው ባይ ነኝ። እናቴ ደህና ናት፣ ዓይኗ ግን ደክሟል። ላይኛው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበት ባጃጁ በዝቷል። አቮካዶው ዘንድሮ አፍርቶ ግማሹን ጦጣ በላው። የጓሮው በር አሁንም አንተ ባሰርክበት የካላማደሪያ ላስቲክ ነው የሚዘጋው። የጄሪካኑ እጀታም፣ የአልጋው እግርም፣ የዶሮ ቤቱ ጣሪያም እንደዚያው። የተቀደደ የመኪና ጎማ ካላማደሪያ ባገኘህ ቁጥር በቀጭኑ እየቆረጥክ ስታስር ኖርክ፤ ሁለት ጊዜ ትጠመጥምና ጫፉን ወደ ውስጥ ትወሽቀዋለህ። ይህ ቤት ቆሞ ያለው በላስቲክ ይመስለኛል።

መብራቷን ታስታውሳታለህ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ብጫዋ፣ ኤቢኤስ ተብሎ የተጻፈባት። ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ነገር ሲታወክ እንደምትበራ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። መንዳትንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ዳር፣ ላሞች ቆመው እያዩን። ታጋሽ አስተማሪ ነበርክ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን መብራቷ መጣች። እኔ ስነዳ ትበራለች፣ አንተ ስትነዳ አትበራም። ሞተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትጠፋለች። ሁለት ሦስት ጊዜ አየህና ፈረድክ። «እግርሽ ነው፤ ፍሬን የምትረግጪው በረሮ እንደምትገድይ ነው፣ መኪናዋ ትደነግጣለች» አልክ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ደገምከው፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሳምንቱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ዘጠኝ ዓመት አልነካሁትም። ለምን እንደተውኩ አልጠየቅከኝም፣ እኔም አልነገርኩህም። አፍሬ ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆመች። ምሕረት «እማዬ፣ ጎማዋ ከሚበሰብስ እንሽጣት፤ አያቴ ጋ ስትሄጂ መኪና እንኮናተራለን» አለች። ቱርሚ ትንሽ ሆቴል ያለው ሰው እገዛለሁ ብሎ፣ በወሩ መጨረሻ ሊወስዳት ቀጠሮ ያዘ። እኔ ግን ደጋ ያለችውን እናቴን ለማየት የሰው መኪና ደጅ ስጠና ነው ዓመቱ ያለቀው፤ አሁን በራሴ መሄድ አማረኝ። ስለዚህ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ጥፋቱ የእግሬ ከሆነ መኪናዋ ትሸጥ፣ ድሮም የኔ አይደለችም። የእግሬ ካልሆነ ቁልፉን ለማንም አልሰጥም። እስከ ወሩ መጨረሻ አምስት ሳምንት ነበረኝ።

ከገበያው በታች ጋራዥ ያለውን የጎፋውን ሰው፣ ዘለቀን፣ ታውቀዋለህ። በቀስታ ነድቼ ወሰድኩለት። ስደርስ ሞተሩን አጠፋሁ፣ እሱ ሲያስነሳው መብራት የለም። የፍሬኑን ዘይት አየ፣ የፍሬኑን ሸራ አየ፣ ሁሉም ደህና ነው። ሁለተኛ ስሄድም እንደዚያው። ሰው ሐኪም ቤት ሲደርስ ሕመሙ እንደሚለቀው ዓይነት ነው። «እትዬ፣ አምፖሏን ነቅለን እንገላገል፣ ብዙ ሰው እንደሱ ነው የሚያደርገው» አለኝ። እምቢ አልኩ። የኔ ጉዳይ ከመብራቷ ጋር ሳይሆን ከእግሬ ጋር መሆኑን እንዴት ብዬ ላስረዳው። ከዚያ የመኪና ብልሽት የሚያነብ ኮምፒውተር ተውሶ ሰካባት፤ በሾፌር በኩል ያለው፣ የፊት ጎማውን ዙር የሚለካው ሴንሰር ነው የሚል መጣ። ሴንሰሩን በሌላ ለወጠልኝ። በሦስተኛው ቀን፣ ቤቴ በር ላይ፣ መብራቷ ቦግ አለች። ቁጭ ብዬ እግሬን አየሁት።

እንደኔ ሪከርድ ክፍል ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ሲቸግረው መዝገብ ይከፍታል። ከምሕረት አሮጌ ደብተር አንዱን ወስጄ በነዳሁ ቁጥር ጻፍኩ። በየት መንገድ እንደሄድኩ፣ ዝናብ ነበር ወይስ ደረቅ፣ ጭነት አለ ወይስ የለም፣ ፍሬን እንዴት እንደያዝኩ። አንድ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብዬ፣ ሰው በሌለበት፣ ሆን ብዬ አሥር ጊዜ በኃይል ረገጥኩት። አሥር በረሮ ገደልኩ ማለት ነው፤ መብራቷ አልበራችም። ኮረኮንች ላይ አልበራችም፣ ጭቃ ላይ አልበራችም። ሦስት ሳምንት ጽፌ ሳገላብጠው የበራችው ሰባት ጊዜ ነው፣ ሰባቱም ጊዜ ቤት ስገባ፣ በሩ ላይ።

ያን ቀን እዚያው ቆሜ በሩን ለረጅም ጊዜ አየሁት። አንተ ሁልጊዜ በላይኛው መንገድ ነበር የምትመጣው፣ በሩን በቀኝህ አድርገህ ትገባለህ። እኔ ቁልቁለቱን ስለምፈራ በታችኛው እመጣለሁ፣ በሩ በግራዬ ይሆናል፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞራለሁ። አንተ ከዚያ ወገን አንድ ቀን ገብተህ አታውቅም።

ዘለቀን ይዤ ወደ ድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ሄድኩ። መሪውን ወደ ቀኝ አጥፌ ሦስት ዙር ዞርኩ፣ ምንም የለም። ወደ ግራ አጥፌ አንዱን ዙር ሳልጨርስ በራች። ዘለቀ ጎማው ሥር ተኛና መሪውን አዙሪ አለኝ፣ ከዚያም ወርደሽ እዪ ብሎ ጠራኝ። አዲሱ ሴንሰር የተሰካበት አሮጌው ሽቦ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሯል። ላዩ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን ተበጥሷል፣ ሲላላ ይነካካል፣ ሲወጠር ይለያያል። ሽቦውን አላፈናፍን ያለው ማሰሪያው ነው። የካላማደሪያ ላስቲክ፣ ሁለት ጊዜ የተጠመጠመ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተወሸቀ።

ዘለቀ «ያሰረው ሰው እጁ ጠንካራ ነው፣ ግን ለመዞሪያ አላተረፈለትም» አለ። ማን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ተናደድኩብህ። እውነቱን ልንገርህ፣ በሞትክ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አልነደድኩም። ዘጠኝ ዓመት በባጃጅና በእግር የሄድኩበትን መንገድ ሁሉ አሰብኩ። ላስቲኩን ይዤ ቤት ልግባና ምሳ እየበላህ ሳለ ፊትህ ላስቀምጠው ፈለግሁ። ምን እንደምትልም አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ጎሮሮህን ትጠርጋለህ፣ ከዚያ ላስቲኩን ገልብጠህ ታየዋለህ፣ ከዚያ የሽንኩርት ዋጋ ታነሳለህ። ወንበርህ ላይ ግን ያልታጠፈ ልብስ ነበር የተቆለለው።

ማታ ስተኛ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይህን ለምሕረት አልነገርኳትም። ከቱርሚ ገበያ ስንመለስ የግራው የፊት ጎማ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበላሽቶ ደረቁ ወንዝ ውስጥ የቆምንበትን ቀን ታስታውሳለህ? ግራር ሥር መኪናዋን በክሪክ አንስተህ ኩሽኔታውን ስትለውጥ የሽቦው መያዣ በእጅህ ተሰበረ። ላስቲክ ቁረጪልኝ አልከኝ። ቆርጬ ያቀበልኩህ እኔ ነኝ። «አጭር ነው» ብለህ መለስክልኝ። ፀሐዩ አናቴን ሲበሳው ስለነበር «ይበቃል፣ እሰረውና እንሂድ» አልኩህ። አንተም በደረሰበት አሰርከው። መብራቷ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም፤ ግማሹን ወስጃለሁ። እግሬ ግን ነጻ ወጥቷል።

ዘለቀ የተበጠሰውን ቀጥሎ ሽቦውን ላላ አድርጎ በደንብ አሰረው። ለቱርሚው ሰው ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። በቅዳሜው ብቻዬን ነድቼ እናቴ ጋ ወጣሁ። ሞተሩን ሰምታ እየዳበሰች መጣች፣ የመኪናዋን በር በእጇ ነካችና ማን ነው የነዳው አለችኝ። እኔ አልኳት። መልሳ ጠየቀችኝ።

በመታሰቢያህ ቀን የተነሳው ሰው ሁሉ ስለ ደግነትህ መሰከረ። አንድም ቀን ሰው አስቀይሞ አያውቅም፣ ተሳስቶ አያውቅም አሉ። እኔም እንደዚያ አድርጌ ላስታውስህ ሞክሬ ነበር፣ ሰውየው አንተን አልመስል አለኝ። የኔው ከነላስቲኩ፣ ከነበረሮ ቀልዱ፣ አጭር ነው እያለ እሺ ብሎኝ የሚያስረው ነው። እሱን ነው የማስታውሰው፣ ይህን የምጽፈውም ለእሱ ነው።

አሁን ላይኛውን መንገድ አልፈራውም፤ ቢሆንም ሁልጊዜ በታችኛው ነው የምመጣው። በሩ ጋ ስደርስ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞርና ዳሽቦርዱን አያለሁ። አትበራም። አየህ፣ እግሬ አልነበረም እልሃለሁ፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ጎሮሮህን እስክትጠርግ ድረስ ትንሽ እቆያለሁ።

የምሕረት እናት